የእንግዶች አስተያየት መዝገብ

ዘነቡ በእንጨት ጫፍ አንጠልጥላ ያመጣችውን የእንሰት ቅጠል ከትልቁ ድንኳን ደጃፍ ላይ ጣለችው። ቅጠሉ ከመሃሉ ተቀዷል፤ ለምን እንደዋለ ሽታው ይናገራል። እሳቱን ከበው ሻይ ይጠጡ የነበሩት ሰዎች ኩባያቸውን እንደያዙ ቀና አሉ።

"ይሄ የማን ሥራ ነው?" አለች።

ሰባት ናቸው። ስድስቱ ከዲላ ዩኒቨርሲቲ የመጡ መምህራን ናቸው። ሰባተኛዋ የአንዷ መምህርት እናት ናቸው። ትናንት ዓርብ ከሰዓት በኪራይ ሚኒባስ ወደ ኦዳኮ ፓርክ ደርሰው፣ እስከ እሑድ ለመቆየት አራት ድንኳን ተክለዋል። የማደሪያውን ደረሰኝ የቆረጠችላቸው ራሷ ዘነቡ ናት። የፓርኩ ጥበቃም፣ ገንዘብ ተቀባይም፣ ጠራጊም እሷው ነች።

"ድንበሬን አልፋችሁ ጓሮዬ ገብታችኋል" አለች። "የስድስት እንሰት ቅጠል ተገንጥሏል። ከሥሩ ያደረጋችሁትን እናንተው ታውቁታላችሁ። እኔ ከዚያ ነው የምበላው።"

"እኛ እኮ ጫካ መስሎን ነው" አለ ኢዮስያስ የሚባለው ቀጭን መምህር። ከዚያ ወደ ጓደኞቹ ዞር ብሎ፣ "ደግሞ ማዳበሪያ በተወደደበት ዘመን…" ሲል ሁለቱ ሳቁ።

ጫካ መስሎን ነው ያለው ውሸት አልነበረም። ከዲላ ወደ ቡሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የሰው ጓሮ የት አልቆ ጫካው የት እንደሚጀምር እንግዳ ሰው አይለይም። እንሰቱ ከትልልቅ ዛፎች ሥር ነው የሚተከለው። ድንበሩም አጥር የለውም፤ በመስመር የቆሙ ቁጥቋጦዎች ናቸው፣ የሚያውቃቸው የአካባቢው ሰው ብቻ ነው። የፓርኩ በራሪ ወረቀት ላይ ይህንኑ እንደ ጌጥ ጽፈውታል። ዘነቡን ያናደዳት ግን ሳቁ ነው።

"አንተ ቤትህ እንግዳ ቢመጣ ድስትህ ውስጥ ይቀመጥብሃል?" አለች ናፍቆት ወደምትባለው መምህርት እያየች። ሲከፋት አማርኛዋ ወንድና ሴት መለየት ይተዋል። ያደገችው በጌዴኦኛ ነው፤ አማርኛ የተማረችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው። ናፍቆት ግን ማን እንደተጠራ አልጠፋትም። ጉዞውን ያዘጋጀችው እሷ ናት። ኩባያዋን ሣሩ ላይ አስቀምጣ ተነሣች።

"ጥፋት ነው፣ አልክድሽም እህቴ" አለች። "ግን እስቲ አንቺው ንገሪን። የት እንሂድ?"

እጇን ወደ ሜዳው ጫፍ ዘረጋች። እዚያ፣ ከሮቶው ሥር፣ ባለ አራት በር አዲስ መጸዳጃ ቤት ቆሟል። ወለሉ ሴራሚክ፣ በሮቹ ሰማያዊ ብረት ናቸው። ሮቶው ከላይ ካለው ምንጭ በተሳበ ውኃ ሞልቷል። በአራቱም በሮች ፊት፣ ከበረንዳው አንድ ምሰሶ እስከ ሌላው ምሰሶ፣ ሪባን ተወጥሯል። በጥቅምት ሲታሰር ደማቅ ቀይ ነበር። አሁን ሚያዝያ ነው፤ ፀሐይና ዝናብ ተፈራርቀውበት የድድ መልክ ይዟል። ኃላፊዎች መጥተው ሪባኑን እስኪቆርጡ ድረስ መጸዳጃ ቤቱ አልተመረቀም፤ ካልተመረቀ ደግሞ አይከፈትም። ምረቃው ሦስት ጊዜ ተቀጥሮ ሦስት ጊዜ ቀርቷል። ለሁለተኛው ቀጠሮ የተደፋውን ዳቦ የሰፈሩ ሰው በላው።

"አልተመረቀም" አለች ዘነቡ።

"እኛ ሁላችንም የተመረቅን ነን" አለ ኢዮስያስ። "ብንገባበት ምን ይለናል?"

በዚህ ጊዜ ናፍቆትም ፈገግ አለች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ተመለሰ። ቁልፉ ማን ጋር እንደሆነ ጠየቀች። ዘነቡ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። ቁልፉ በሹራቧ ውስጥ፣ በክር ታስሮ አንገቷ ላይ ነው። ስትጎነበስ ደረቷን ይመታታል። ናፍቆት ክሩን አየችው።

"አንቺ ጋር ነው" አለች ቀስ ብላ። "እናቴ ከትናንት ጀምሮ እየተሰቃየች ቁልፉ አንገትሽ ላይ ነው። መዝገብ አላችሁ አይደል? የአስተያየት መዝገብ። አምጪልኝ።"

ዘነቡ ከጥበቃ ቤቷ መዝገቡን አምጥታ ሰጠቻት። መዝገብ አልሰጥም ማለት አይፈቀድላትም። ናፍቆት እግሯን አጣጥፋ ሣሩ ላይ ተቀመጠችና መጻፍ ጀመረች። እስክሪብቶው ወረቀቱን የሚቀድ ይመስል ነበር። አንድ ገጽ ሞልታ ገለበጠች።

ዘነቡ ያንን እያየች የምታስበው ስለ ወሩ መጨረሻ ነበር። ኮንትራቷ በየስድስት ወሩ ይታደሳል፤ የአሁኑ ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። ፓርኩ ሲከለል ከሟች ባሏ ጓሮ ግማሹ ወደ ውስጥ ገብቷል። ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ ያኔ የገብስ ማሳዋ ነበር። "በምትኩ ሥራ አለሽ" ተባለች፤ አራት ዓመት ሠራች። ቋሚ ትሆኛለሽ የተባለው ግን አልሆነም። ካምፑ ለእሷ ደሞዝ ብቻ አይደለም፤ የተወሰደባት መሬት ምትክ ነው። ካባረሯት ምትኩም ጠፋ ማለት ነው።

እናትየው ከድንኳኑ ወጡ። ወይዘሮ አትጠገብ ይባላሉ፤ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከደሴ የመጡ፣ ስኳር ያለባቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ዘነቡን በእጃቸው ጠሩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቤቷ ሩቅ እንደሆነ ጠየቁ። ዘነቡ ገባት።

የእሷ ቤት ከሜዳው በታች፣ በእንሰቱ መሃል በሚወርድ ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር መሬቱ ያንሸራትታል። ዘነቡ ከፊት ሆና እጃቸውን ይዛ ወደኋላዋ እየወረደች መራቻቸው። አሮጊቷ በየሁለት እርምጃው ይቆማሉ። አንድ ቦታ ላይ የእንሰት ግንድ ተደግፈው አረፉ።

"ከትናንት ስምንት ሰዓት ጀምሮ ውኃ አልቀመስኩም" አሉ፣ እንደ ተራ ወሬ። "ውኃ ካልጠጣሁ አያስቸግረኝም ብዬ ነው። ሐኪሙ ጠጪ ይላል። ግን ልጆቹ ፊት ቁጥቋጦ ሥር እንዴት ልቀመጥ? ጉልበቴም አይታጠፍ።"

"ለምን ትናንት አልነገሩኝም፣ እማማ?"

"ልጄ፣ ቁልፍ የያዘ ሰው የማይከፍተው ምክንያት ቢኖረው ነው ብዬ።"

ነገሩን ያሉት ያለ ክፋት ነው። ዘነቡን ግን ከናፍቆት ሁለት ገጽ ይልቅ ያ አንድ ነገር ወጋት። የእሷ ሽንት ቤት በጭቃ የተመረገ፣ የእንጨት ወለል ያለው ጉድጓድ ነው። አሮጊቷ እስኪወጡ ውጪ ቆማ ጠበቀች። ከውስጥ ማቃሰታቸው ይሰማል፤ ጉልበታቸው ነው። ሲወጡ ላብ ግንባራቸው ላይ ነበር። ዘነቡ ውኃ በጆግ አምጥታ እጃቸውን አስታጠበቻቸው፤ ከዚያ ሊጠጡ ብርጭቆ ስትሰጣቸው እጃቸውን አወዛወዙ።

"ከጠጣሁ እንደገና መውረድ ነው" አሉ። "ይቅርብኝ።"

ወደ ላይ ለመውጣት ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀባቸው። መሃል ላይ አንዴ በጉልበታቸው ወደቁ። አልጮኹም፤ "አይዞሽ፣ ምንም አልሆንኩም" ያሉት እሳቸው ናቸው፣ ለዘነቡ።

አራት ሰዓት ሲሆን የአቶ ታረቀኝ ሞተር ሳይክል ድምፅ ከጥድ ዛፎቹ በኩል ተሰማ። ታረቀኝ የፓርኩ አስተባባሪ ነው፤ የሚቀመጠው ቡሌ ከተማ ነው። መጥፎ ሰው አይደለም። የዘነቡ ባል የሞተ ጊዜ የለቅሶውን ድንኳን ያስተከለው፣ ለቀስተኛውን ያስተናገደው እሱ ነው። የራስ ቁሩን ሳያወልቅ ለእንግዶቹ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠና፣ ዘነቡን ወደ ጥበቃ ቤቱ አስገብቶ በሩን ገፋ አደረገው።

ሰኞ ጠዋት ገምጋሚ ቡድን መጥቶ እዚሁ እንደሚውል ነገራት። ከላይ ነው የሚመጡት። የሚያዩት የተገልጋይ እርካታን ነው፤ የሚያዩትም ከመዝገቡ ላይ ነው። መዝገቡን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ከመጀመሪያው ጀመረ። አንዳንዱን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፤ አንዳንዱን እየዘለለ።

"'መልክአ ምድሩ ገነት ነው፤ ለመጸዳዳት ግን ከገነት መውጣት ያስፈልጋል።' ይሄ ቀልደኛ ነው።" ገለበጠ። "'የተገዛው ማገዶ እርጥብ ስለሆነ ስናለቅስ አደርን።' ይሄ ይቅር። 'ውኃ ሞልቶ ቧንቧው ተቆልፏል።' እህ። 'ጥበቃዋ ፊቷ አይፈታም።' አየሽ?"

የመጨረሻው የዛሬው ነበር። የናፍቆት ጽሑፍ ቀጥ ያለና ጥርት ያለ ስለሆነ ሳይደናቀፍ አነበበው። ካምፑ ከከፈሉት ገንዘብ አንጻር ምን እንደጎደለው በዝርዝር ጽፋለች፤ የተዘጋውን መጸዳጃ፣ ያልተጣለውን ቆሻሻ፣ መብራት የሌለውን መንገድ። ሁሉም እውነት ነበር። መጨረሻው ላይ ግን እንዲህ ይላል፦ "የጥበቃ ሠራተኛዋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በታመሙ እናት ስቃይ ትዝናናለች።"

ዘነቡ ጆሮዋ ጋለ። "ትዝናናለች" የሚለው ቃል ላይ ታረቀኝም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

"እንግዲህ" አለ፤ መዝገቡን ወደ እሷ ገፋው። "ከጥቅምት ወዲህ ያሉት ሰባት ገጾች ይወጣሉ። ቀስ ብለሽ ከስፌቱ አውጪያቸው፣ ሳይታወቅ። ለእኔ አይምሰልሽ። ስምሽን የሚያጠፉት እነዚህ ናቸው። ይህን አይተው ኮንትራትሽን ማን ያድሳል?"

"እርስዎ ለምን አያወጡትም?"

"መዝገቡን ፈርመሽ የተረከብሽው አንቺ ነሻ። እኔ እጄን አላስገባም።"

ዘነቡ ገጾቹን ተመለከተች። ልቧ የፈለገው መቅደድ ነበር። ፊቷ አይፈታም ያሉትን፣ ትዝናናለች ያለችውን፣ ሁሉንም ቀድዳ ለእሳት ብትሰጣቸው ምንኛ ደስ ባላት። ግን ሰኞ የሚለው ቃል ያዛት።

"ሰኞ ይመረቃል ማለት ነው?" አለች።

"ምረቃው ወደ ሰኔ ተዛውሯል። የሰኞዎቹ ገምጋሚዎች ናቸው እንጂ መራቂዎች አይደሉም።"

"ታዲያ ገምጋሚዎቹ የት ሊገቡ ነው? እዚሁ ነው የሚውሉት አላሉም?"

ታረቀኝ የራስ ቁሩን ማሰሪያ ነካካ። "ለእነሱ አንዱን በር ትከፍቺላቸዋለሽ። ሪባኑን ሳትነኪው። ጎንበስ ብለው ከሥሩ ያልፋሉ።"

ዘነቡ ዓይኗን ከመዝገቡ አነሣች።

"ከሥሩ ማለፍ ይቻላል እንዴ?" አለች።

"ለአንድ ቀን ነው።"

"ስድስት ወር ሙሉ ከሥሩ ማለፍ ይቻል ነበር? እኔ አይቻልም ብዬ ስንት ሰው መለስኩ። እርጉዝ መልሻለሁ። ዛሬ አንድ አሮጊት በዚያ ጭቃ አወረድኩ። ወደቁ፣ አቶ ታረቀኝ። ውኃ አልጠጣም አሉኝ።"

እሱም አለቃ እንዳለው፣ ሪባኑን ያሰረው እሱ እንዳልሆነ ተናገረ። ይህም እውነት ነበር። ድምፁ ውስጥ ድካም ነበረበት። ሞተሩን ሲያስነሣ፣ ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ እንደሚደርስና ገጾቹ እስከዚያ መውጣት እንዳለባቸው ደገመላት። ከአጠገቧ አልፎ ለእንግዶቹ እጁን አውለበለበ። እነሱም አውለበለቡለት፤ ከእሷ ጋር እንጂ ከእሱ ጋር ጠብ የላቸውም። የእሱን ስም ማንም መዝገብ ላይ አልጻፈም።

ዘነቡ ብቻዋን ተቀምጣ ሰባቱን ገጾች እንደገና አነበበች። በመጀመሪያ የተናደደችው በጻፉት ሰዎች ነበር። ሲደገም ሌላ ነገር ታያት። የመጸዳጃ ቤቱ መቆለፍ ሌላ የትም አልተጻፈም። በጽሕፈት ቤቱ ሪፖርት ላይ በጥቅምት ተሠርቶ ተጠናቋል፤ ታረቀኝ ራሱ ነው የነገራት። ተቆልፎ እንደቆመ የሚናገረው በዚህ ዓለም ላይ ይህ መዝገብ ብቻ ነው፤ እሷን ከሚሰድበው ስድብ ጋር በአንድ ገጽ ላይ። አንዱን ቀድዶ ሌላውን ማስቀረት አይቻልም።

እስክሪብቶ አነሣች። ከናፍቆት ጽሑፍ ሥር፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ባቋረጠ ሰው የእጅ ጽሑፍ፣ ፊደሉን እየለየች ጻፈች፦ "ከላይ የተጻፈው እውነት ነው። ቁልፉ እኔ ጋር ነበር። አትክፈቺ ተብዬ ነው። አልተዝናናሁም። ዘነቡ፣ የጥበቃ ሠራተኛ።" ቀኑን ጨመረችበት። ከዚያ መዝገቡን ብብቷ ሥር ይዛ ሜዳውን አቋርጣ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ሄደች።

የሪባኑ ቋጠሮ በዝናብ ርሶ በፀሐይ ደርቆ እንደ እንጨት ጠንክሯል። ወገቧ ላይ ቢላዋ ነበር፣ ግን አላወጣችውም። መቁረጡ የኃላፊዎቹ ነው፤ እሷ መፍታት ነው የፈለገችው። በጥፍሯ ሞከረች፣ ከዚያ በጥርሷ። ሰዎቹ ከድንኳኖቹ መሃል ተነሥተው እያዩ ነው። የመጀመሪያው ቋጠሮ ለቀቀ። ሁለተኛው ጊዜ አልፈጀም። ክሩን ከአንገቷ አውልቃ አራቱንም በሮች ከፈተች፤ የሮቶውን ቧንቧም ለቀቀችው። ውኃው መጀመሪያ ዝገት ተፋ፤ ቀጥሎ ጠራ።

"እማማ" አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "ይምጡ። መጀመሪያ ግን ውኃ ይጠጡ።"

ወይዘሮ አትጠገብ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው መጡ። ሁለት ብርጭቆ ውኃ አከታትለው ጠጥተው፣ "ተባረኪ" ብለው ገቡ። ናፍቆት በሩ ላይ ቀረች። ከዘነቡ ብብት ሥር ያለውን መዝገብ አየች።

"ስጪኝ" አለች። "አንድ መስመር ልሰርዝ። ስለ አንቺ የጻፍኩትን።"

"አይሰረዝም።"

"እህቴ፣ ተሳስቼ ነው። በንዴት ነው የጻፍኩት። ይጎዳሻል።"

"አውቃለሁ፣ ይጎዳኛል" አለች ዘነቡ። ቁጣዋ አልበረደም። "አንዱ መስመር ከተሰረዘ ሌላውንም መሰረዝ ይመጣል። እንዳለ ይቆይ። አንቺ ይቅርታ ማድረግ ከፈለግሽ በዚያ በኩል አካፋ አለ። ጓሮዬን አጽዱ። አካፋው ሁለት ነው፣ እየተቀባበላችሁ። የእንሰቱን ሥር አትቁረጡ፣ ላዩን ብቻ።"

ናፍቆት ትንሽ ቆማ፣ ወደ ጓደኞቿ ሄዳ ነገረቻቸው። አንዲቱ መምህርት አጉረመረመች። ኢዮስያስ የሚቀልደው አልመጣለትም፤ የሱሪውን እግር እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ የመጀመሪያውን አካፋ አነሣ። ድንበሩ ጋ ሲደርስ ቆሞ የትኞቹ ቁጥቋጦዎች መስመር እንደሆኑ ጠየቃት። እጇን ዘርግታ አንድ በአንድ አሳየችው።

ዘነቡ ጥበቃ ቤቱ ገብታ ሪባኑን በአራት አጠፈችው። መዝገቡን የዛሬው ገጽ ላይ ከፍታ ሪባኑን መሃሉ አስገባች፤ የከፈተው ሰው ሁሉ ቀጥታ እዚያው ገጽ ላይ እንዲደርስ። ከዚያ ዘግታ፣ ሰኞ ገምጋሚዎቹ ከሚቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው፤ የሪባኑ ጫፍ ትንሽ ወደ ውጪ ወጥቶ ይታያል።